አራት ጊዜ ጋራዥ ገብቶ ሳይፈታ የተመለሰ መኪና

ጥያቄ፦ አዲስ መኪና ገዝቼ ከተረከብኩ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖኛል። ዋስትናው 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ አሁን 46,000 ላይ ደርሷል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። ከ38,000 ገደማ ጀምሮ በሰዓት ከ50 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ስሄድና ነዳጅ ለስለስ አድርጌ ስረግጥ፣ ኮረኮንች ላይ የወጣ ይመስል ይንዘፈዘፋል። ለሻጩ ድርጅት 4 ጊዜ ወስጄዋለሁ። ሁለት ጊዜ «ብልሽት አልተገኘም» ብለው መለሱልኝ። በሦስተኛው ሶፍትዌር ጫኑበትና ለሁለት ሳምንት ያህል ተሻለው፤ ከዚያ እንደገና ጀመረው። በአራተኛው ደግሞ «የሞተር ዘይት ሌላ ጋራዥ ስላስቀየሩ ዋስትናው አይሸፍንም» አሉኝ። እውነት ነው፣ በ30,000 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ውጭ አስቀይሬያለሁ፤ ደረሰኙም አለኝ። የቀረኝ 8 ወር ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው መልሳቸው እንጀምር። ከሰጡዎት መልሶች ሁሉ ደካማው እሱ ነው።

የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይት አንድ መኪና ውስጥ ይኑሩ እንጂ አይገናኙም። ካምቢዮው የራሱ ዘይት፣ የራሱ ፓምፕ፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሱ ፊልትሮ አለው። በትክክል የተቀየረ የሞተር ዘይት ካምቢዮን የሚያንዘፈዝፍበት መንገድ የለም። ዋስትና ለመከልከል «ሌላ ቦታ ተሠርቷል» ማለት አይበቃም፤ ሌላ ቦታ የተሠራው ሥራ ይህንን ብልሽት ማምጣቱ መታየት አለበት። በአሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የዋስትና ሕግ፣ ሻጭ ወይም አምራች በነጻ እስካልሰጠ ድረስ የራሱን ዕቃ ወይም የራሱን ጋራዥ የዋስትና ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። የእርስዎ አገር ሕግ ሌላ ሊል ይችላል፤ የዋስትና ደብተሩ ላይ ያለው ቃል ግን ከሁሉም በፊት ይነበብ። አብዛኛው ደብተር የሚጠይቀው አገልግሎቱ በወቅቱና በአምራቹ ልክ መደረጉን ነው።

ያም ሆኖ ይህን ክርክር ይዘው ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። በአንዳንድ መኪናዎች የካምቢዮው ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን የሞተሩን ስለሚመስል፣ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው የካምቢዮውን ዘይት አፍስሶ ሞተሩ ላይ ሌላ ይጨምርበታል። ያኔ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ካምቢዮው ይጎድላል። የእርስዎ ሁኔታ ይህን አይመስልም። ዘይቱ የተቀየረው በ30,000፣ መንዘፍዘፉ የጀመረው በ38,000 ነው፤ ያን ያህል ዘይት የፈሰሰበት ካምቢዮ ደግሞ 8,000 ኪሎ ሜትር ሳይታወቅ አይሄድም፣ ቶሎ መንሸራተትና ማርሽ አልገባ ማለት ይጀምራል። ደረሰኙን አውጥተው ሦስት ነገር ይዩበት፦ የተጨመረው ዘይት ስንት ሊትር ነው፣ ዓይነቱ (ለምሳሌ 5 ደብልዩ 30) ከመኪናው መመሪያ ጋር ይገጥማል ወይ፣ ፊልትሮውስ ተቀይሯል ወይ። ሦስቱ ከገጠሙ ያ ደረሰኝ ከእርስዎ ጎን ይቆማል።

አሁን ወደ ብልሽቱ። የገለጹት ምልክት፣ ማለትም መካከለኛ ፍጥነት፣ ቀላል የነዳጅ ረገጣና ለጥቂት ሰከንድ የሚቆይ መንዘፍዘፍ፣ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮ የሚያሻግር ክፍል ነው። ውስጡ ትንሽ ፍሪሲዮን አለ፤ መኪናው በተረጋጋ ፍጥነት ሲሄድ ነዳጅ ለመቆጠብ ይቆልፋል። ዘይቱ ሲበላሽ፣ እርጥበት ሲገባበት ወይም ፍሪሲዮኑ ሲያረጅ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። እርስዎ ኮረኮንች ያሉት ይሄው ነው። ካምቢዮው የሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው) ወይም የሁለት ፍሪሲዮን ዓይነት ከሆነ አሠራሩ ስለሚለይ መንስኤውም ይለያል። ዓይነቱ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ይህንን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ከ25 ደቂቃ ጉዞ በኋላ፣ ከኋላዎ ማንም በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ መንዘፍዘፉ ሲጀምር ቀኝ እግርዎን ከነዳጁ ሳያነሱ በግራ እግርዎ ፍሬኑን የኋላ መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ይንኩት። ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ የኮንቨርተሩን ፍሪሲዮን ቁልፍ ይለቃል። መንዘፍዘፉ በዚያው ቅጽበት ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ኮንቨርተሩ ያመዝናል። ሳይቆም ከቀጠለ የሞተሩ አለመቀጣጠል (የካንዴላ ወይም የኮይል ችግር)፣ የጎማ ወይም የአክስል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ግራ እግር ፍሬን ላይ ለምዶ ስለማያውቅ በኃይል ይረግጣል፤ ስለዚህ ፈተናውን የጋራዡ መካኒክ ቢያደርገው ይሻላል። እርስዎ ይህ ፈተና መኖሩን ማወቅዎ ይበቃል።

ታዲያ ይህን ያህል የታወቀ ምልክት ሁለት ጊዜ «አልተገኘም» የተባለው ለምንድን ነው? ወረቀቱን ይዩት። መኪናውን ሲያስረክቡ ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል፣ ሲረከቡም እንደዚሁ። ሲገባ 41,212፣ ሲወጣ 41,214 የሚል ከሆነ መኪናው የተነዳው 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የካምቢዮ ዘይት ከሞተሩ ውሃ ዘግይቶ ይሞቃል፤ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ብልሽቱ የሚታይበት ሙቀት ላይ አይደርስም። እናም «ፈልገን አጣነው» ያሉት ብልሽቱ ሊታይ በማይችልበት ሁኔታ ፈልገው ነው ማለት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ከአራቱም ጆብ ካርዶች (ጋራዡ ለየጉብኝቱ ከሚከፍታቸው የሥራ ወረቀቶች) ላይ ይቅዱ። ለአምራቹ ሲጽፉ ከማንኛውም የቁጣ ቃል በላይ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ሌላው ምክንያት ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ ነው። ስካነሩ ኮድ ካላሳየ «መኪናው ደህና ነው» የሚል ልማድ አለ፤ ትክክል አይደለም። ኮምፒውተሩ ኮድ የሚመዘግበው የፍሪሲዮኑ መንሸራተት ከተቀመጠለት ልክ ሲያልፍ ነው፤ ሰው በወንበሩ የሚሰማው መንዘፍዘፍ ከዚያ ልክ በታች ሊሆን ይችላል። እንደ ፒ0741 ያለ፣ የኮንቨርተሩ ፍሪሲዮን በትክክል አለመያዙን የሚናገር ኮድ ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ ደግሞ መታየት ያለበት በጉዞ ላይ የሚነበበው የመንሸራተት ዙር ነው፤ በሞተሩ ዙርና በካምቢዮው ግቤት ዙር መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ቁልፉ ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ልዩነቱ ትንሽና የተረጋጋ ይሆናል፤ ሲንዘፈዘፍ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። የአምራቹ ስካነር ይህንን እየመዘገበ ሊሄድ ይችላል። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች ግን ብዙዎቹ የሞተሩን ኮምፒውተር እንጂ የካምቢዮውን አያነቡም። ማንበቢያ ካለዎት ያንብቡ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ግን ኮድ አያጥፉ። አብሮት የሚጠፋው ብልሽቱ የተመዘገበበት ቅጽበት ፍጥነት፣ ሙቀትና ዙር ነው፤ ማስረጃዎ እሱ ነው። ባትሪ መንቀልም ይህንኑ ሊያጠፋ ይችላል።

የሦስተኛው ጉብኝት መሻሻልም ትርጉም አለው። ሶፍትዌር ሲጫን ካምቢዮው የተማረው ነገር ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ ቁልፉ የሚይዝበት ፍጥነትም ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ምልክቱ ይሸፈናል፣ ያረጀው ፍሪሲዮን ግን እንዳረጀ ነው። እርስዎ ላይ የደረሰው ይህን ይመስላል። ድርጅቱ ሶፍትዌር መጫኑ ራሱ ችግር መኖሩን ተቀብሎ መፍትሔ መሞከሩን ያሳያል፤ «ብልሽት የለም» ወደሚለው መመለስ ከዚያ በኋላ ይከብደዋል።

ከዚህ በኋላ የሚሉት ሁሉ ከጋራዡ ሰው ወንበር ቢታይ ይጠቅምዎታል። ሻጩ ድርጅት የዋስትና ሥራ ሲሠራ ሒሳቡን የሚልከው ለአምራቹ ነው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሥራ የተወሰነ ሰዓት ይከፍላል፤ ለፍለጋ የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ሲከፍልም ሦስት ነገር ተጽፎ ማየት ይፈልጋል፦ ደንበኛው ያመለከተው፣ የተገኘው መንስኤ፣ የተወሰደው መፍትሔ። አንዱ ከጎደለ ሊከለክል፣ ከከፈለ በኋላም መልሶ ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ብልሽት ላይ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ መካኒክ ድካሙ ላይከፈለው ይችላል። ይህ እርስዎን ለማጉላላት ምክንያት አይሆንም፤ ግን በደንብ የተጻፈ አቤቱታ ለጋራዡም የክፍያ ማስረጃ መሆኑን ያሳያል። መካኒኩን ከጎንዎ የሚያቆመው እሱ ነው።

ስለዚህ አምስተኛው ጉብኝት እንደ አራቱ አይሁን። ተቀባዩ ጆብ ካርዱ ላይ «ካምቢዮ ይታይ» ብሎ እንዳይጽፍ። «ቶርክ ኮንቨርተር ይቀየር» ብለውም አያዝዙ፤ ያኔ ያችን ብቻ አይተው «ደህና ነው» ይሉዎታል። የሚጻፈው ምልክቱ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ከ25 ደቂቃ ጉዞ በኋላ፣ በሰዓት ከ50 እስከ 70 ኪሎ ሜትር፣ በቀላል የነዳጅ ረገጣ፣ በተስተካከለ አስፋልት ላይ መኪናው ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ይንዘፈዘፋል። የሞተሩ ዙር ያኔ ከ1,300 እስከ 1,600 ነው። በ38,000 ኪሎ ሜትር ጀመረ። ለዚሁ ብልሽት ይህ 5ኛ ጉብኝት ነው። ከደንበኛው ጋር በመንገድ ላይ እንዲፈተን ተጠይቋል።»

ቁጥሮቹ የእርስዎ መኪና የሚያሳያቸው ይሁኑ፤ ለሁለት ሳምንት በትንሽ ማስታወሻ ይያዟቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎ ሜትር፣ ከተነሱ ስንት ደቂቃ፣ ፍጥነት፣ ዙር፣ ዳገት ወይስ ሜዳ። አጠገብዎ የሚቀመጥ ሰው ዳሽቦርዱን በቪዲዮ ያንሳልዎ፤ ፍጥነቱና ዙሩ አብረው ይታዩ፣ ዙር አመልካቹ ሲርገበገብ ካሜራው ይያዘው። እየነዱ ራስዎ አይቅረጹ።

አብሮ መንዳቱን ሲጠይቁ ከተቀባዩ ይልቅ የመካኒኮቹን ኃላፊ ይጠይቁ። መጀመሪያ እርስዎ ይንዱ፣ መኪናው ይሙቅ፣ ምልክቱን ያሳዩት፣ ከዚያ መሪውን ይስጡት። ምልክቱን ካየ ወረቀቱ ላይ «በፈተና ተረጋግጧል» ተብሎ ሳይጻፍ ከዚያ ቦታ አይነሱ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከ4ቱም ጉብኝት ትበልጣለች። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ሠራተኛው ነገ ሥራ ቢለቅ እንኳ ፊርማው ይቆያል። በዚያ ቀን ምልክቱ ካልመጣ ደግሞ መኪናውን ይተዉላቸውና ለሁለትና ሦስት ቀን ወደ ቤት እየነዱ እንዲፈትኑት ይጠይቁ።

እዚያው እያሉ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥተው ይህን ይጠይቁ፦ «በዚህ መኪና ላይ የወጣ ቴክኒካዊ ማስታወቂያ ወይም የመልሶ ጥሪ አለ?» ሁለቱ ይለያያሉ። የመልሶ ጥሪ ከደኅንነት ጋር የተያያዘ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዋስትናው ቢያልቅም በነጻ ይሠራል። ቴክኒካዊ ማስታወቂያ ግን አምራቹ ተደጋጋሚ ብልሽት ሲያይ ለጋራዦቹ የሚልከው መመሪያ ነው፤ በነጻ የሚሠራው ዋስትናው ሳያልቅ ነው። ለካምቢዮ መንዘፍዘፍ በተለያዩ መኪናዎች እንዲህ ያሉ መመሪያዎች ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አጥቦ በተሻሻለ ዓይነት መተካትን፣ አንዳንዶቹ ኮንቨርተሩን መቀየርን ያዝዛሉ።

እንደገና «ዘይት ውጭ አስቀይረዋል» ካሉዎት አይከራከሩ። በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ፤ በጽሑፉም የትኛው የዋስትና አንቀጽ እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ፣ የዘይት ቅያሬው ያንን ክፍል እንዴት እንዳበላሸው ይገለጽ። ሦስተኛውን ጥያቄ በፊርማ ለመመለስ የሚደፍር ኃላፊ ጥቂት ነው። እንቢ ካሉ በዚያው ቀን ለራሳቸው ኢሜይል ይላኩ፦ «ዛሬ በዚህ ቀን፣ በዚህ ኪሎ ሜትር፣ በዚህ ምክንያት የዋስትና ጥገናው እንደማይደረግልኝ በቃል ተነግሮኛል፤ ስህተት ከሆነ ያርሙኝ።» ዝም ካሉ ይህ ራሱ መዝገብ ይሆናል።

የአራቱን ጉብኝት ጆብ ካርድ ካልያዙ ኮፒ ይጠይቁ፤ በሻንሲ ቁጥር የተመዘገበ የአገልግሎት ታሪክ አላቸው። «ስላልሠራን ወረቀት አልከፈትንም» የሚሉበት ጉብኝት ካለ ያ ጉብኝት እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ወረቀት መኪናውን ይዘው አይውጡ፤ ምንም ባይሠሩም ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የታየው ነገር ይጻፍ። የዋስትናው ቀን ቢያልፍ እንኳ፣ ሳያልፍ በጽሑፍ የተመዘገበና ያልተፈታ ብልሽት ጠንካራ መከራከሪያ ነው። ቀኑን ራሱንም ያረጋግጡ። ዋስትና የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ወይም ከተመዘገበበት ቀን ነው፤ ለማሳያ ሲነዳ የቆየ መኪና ከሆነ እርስዎ ከሚያስቡት ቀደም ብሎ ሊያልቅ ይችላል።

አምስተኛው ጉብኝት ካልፈታው ቀጥታ ወደ አምራቹ ወይም ወደ አስመጪው የደንበኞች ክፍል ይጻፉ፤ የጉዳይ ቁጥርም ይቀበሉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሻንሲ ቁጥር፣ የተረከቡበት ቀን፣ የአሁኑ ኪሎ ሜትር፤ ከዚያ 5ቱ ጉብኝቶች በየመስመራቸው፣ የገባበትና የወጣበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተሰጠው መልስ። በመጨረሻ የሚፈልጉት፦ «የአምራቹ የቴክኒክ ባለሙያ መኪናውን ከእኔ ጋር በመንገድ ላይ እንዲፈትንና በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» አምራቾች እንዲህ ላለ ጉዳይ ወደ ጋራዦች የሚሄዱ ባለሙያዎች አሏቸው። ጋራዡ በራሱ ማጽደቅ የማይችለውን ትልቅ ዕቃ የሚያጸድቁትም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ያም ካልሆነ ገለልተኛ ባለሙያ ያስመርምሩ፤ ግን ካምቢዮው እንዳይከፈት፣ ዘይቱም እንዳይፈስ። ስካነር፣ የመንገድ ፈተናና የጽሑፍ ሪፖርት ይበቃል። አንዴ ሌላ እጅ ከፈተው «ያበላሸው እሱ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ያኔ እኛም የምንመክርዎ ነገር ይጠብብናል። በተመሳሳይ ምክንያት መንዘፍዘፍን ያጠፋል የሚባል ተጨማሪ ኬሚካል አያስጨምሩበት። ሪፖርቱን ይዞ ወደ ሸማቾች ጥበቃ፣ ወደ ሽምግልና ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በአሜሪካ ግዛቶች ያሉት የብልሹ መኪና ሕጎች፣ ለተመሳሳይ ብልሽት ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ያልተሳካ ሙከራ ወይም በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ መዋልን መነሻ ያደርጋሉ። በእንግሊዝ የ2015 እ.ኤ.አ. የሸማቾች መብት ሕግ አንድ ጥገና ካልተሳካ ዋጋ ማስቀነስን ወይም መኪናውን መመለስን ይፈቅዳል። በእርስዎ አገር ያለው ቁጥርና የጊዜ ገደብ ምን እንደሆነ አሁኑኑ ያጣሩ፤ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን ሁለቱንም ይመዝግቡ የምንለውም ቀኖቹ ስለሚደመሩ ነው። የመኪናውን ብድር መክፈል ግን አያቁሙ። አበዳሪው ለካምቢዮው ተጠያቂ አይደለም፤ መኪናውን ከወሰደው ደግሞ ማስረጃዎም አብሮ ይሄዳል።

እስከዚያው መንዳት ይችላሉ፣ ብዙ ጭነት ሳይጭኑና ሳይጎትቱ። የካምቢዮ ሙቀት መብራት ከበራ ወይም ማርሽ መንሸራተት ከጀመረ ግን ያቁሙትና በመጎተቻ መኪና ይላኩት። ማስጠንቀቂያ እየበራ መንዳት «ደንበኛው አባባሰው» ለማለት በር ይከፍታል።

ጥገናው ተፈቅዶ ከተሠራ በኋላ መኪናውን እንዲረከቡ ሲጠሩ፣ ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ጆብ ካርዱ ላይ መንስኤው ምን እንደተባለ ያንብቡ። የተቀየረው ዕቃ ቁጥር፣ የተጨመረው የካምቢዮ ዘይት ዓይነትና ሊትር፣ የሶፍትዌሩ ቁጥር ይጻፍ። ኮንቨርተሩ ተቀይሮ ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቧንቧዎቹ መታጠባቸውን ይጠይቁ፤ ከአሮጌው ፍሪሲዮን የረገፈው ብናኝ እዚያ ከቀረ ተመልሶ አዲሱን ይበላዋል። የአዲሱ ዕቃ ዋስትና ከቀረችው የመኪናው ዋስትና ጋር ያልቃል ወይስ የራሱ ጊዜ አለው? እሱም ይጻፍ። ከዚያ ከመካኒኩ ጋር 25 ደቂቃ ይንዱ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ለስላሳ ረገጣ። «ጥገናው ተጠናቋል» በሚለው መስመር ላይ ሲፈርሙ ከፊርማዎ ጎን የዕለቱን ኪሎ ሜትር በእጅዎ ይጻፉ።